አንዲት ቅርንጫፍ ናት

ሥራ አለ ብሎ የሚደውልልን ሰው ሁሉ የሚጀምረው በዚህች ቃል ነው። «አንዲት ቅርንጫፍ ናት» ይላል፤ ስለ ብጉሩ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን አቅልሎ። ቀጥሎ «ለእናንተማ አምስት ደቂቃም አትፈጅ» ይጨምርበታል።

ገመዳችንን ተሸክመን ቀበና እንወርዳለን። ስንደርስ የምትጠብቀን «ቅርንጫፍ» ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋት የጽድ ዛፍ ናት። በአንድ በኩል የመብራት ሽቦ አለ። በሌላ በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ። ከሥሯ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የታጠበ ቪትዝ ቆሟል። ደንበኛችን ከበረንዳው ሳይነሳ በአገጩ ይጠቁመናል።

«እሷ ናት። ትንሽ ብቻ ቀንሱልኝ።»

ትንሿ ከቤቱ ጣሪያ በሁለት እጥፍ ትረዝማለች።

ሥራችን እንግዲህ ዛፍ መከርከም ነው። የሚያሰጋ ቅርንጫፍ እናወርዳለን። የደረቀውን እንለያለን። የማይተርፈውን ዛፍ ከጫፉ ጀምረን እየቆራረስን፣ በገመድ እያንጠለጠልን፣ መሬት እናሳርፈዋለን። መሐል ከተማ ውስጥ ዛፍን ከሥሩ ቆርጦ «ተጠንቀቁ!» ብሎ መልቀቅ የለም። ዘርጋ ብሎ የሚወድቅበት ቦታ ያለው ዛፍ ካዛንችስ ውስጥ አላየሁም።

አራት ነን። ማናጀራችን የመጋዟ ባለቤት ነው፤ ማናጀር የሆነውም በዚሁ ነው። ጉሬዛው ዛፍ ይወጣል። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ አሁን እናቱም የምትጠራው በሱ ነው። መልህቅ ከታች ሆኖ ገመድ ይይዛል። ከእኛ መሐል ሁለቴ ቁርስ መብላት የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው፤ ክብደቱ የሥራ መሣሪያችን ነው። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ ዋጋ እነጋገራለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እስማማለሁ። ስቀጠር ሦስተኛው ሥራ ትንሹ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ታፔላ አሠርተን ነበር። በውጭ አገር ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የዛፍ ቀዶ ሐኪም እንደሚባል ማናጀራችን ሰምቶ ኖሮ «የዛፍ ሕክምና» ብሎ በአረንጓዴ ቀለም አጻፈ። በዚያ ሳምንት ዛፍ ታመመብኝ ያለ ሰው አልመጣም። የመጡት ኪንታሮት ያለባቸው ናቸው። አንድ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ የሚሻለው?» አሉኝ። እኔ የጠየቁኝ ስለ ዛፍ መስሎኝ «ሥሩን ባንነካው ይሻላል፤ እንደሁኔታው ከላይ እንቆርጣለን» ብዬ መለስኩላቸው። እንደዚያ በፍጥነት የሚራመዱ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ታፔላውን አወረድነው። ማናጀሩ ግን ሦስት ቀን አመነታ። እውነቱን ለመናገር፣ ገበያው ከዛፉ ይሻል ነበር።

ስለ መጋዟ ልንገራችሁ። ስሟ ሙሽሪት ነው። እንደ ሙሽራ ናት፤ በአንድ ጥሪ አትነሳም። ጠዋት ገመዷን ትስባለህ፤ ዝም። ደግመህ ትስባለህ፤ ዝም። በአራተኛው ትንሽ ትስላለች። ይቺን ሳል የሰማህ እንደሆነ ቾኳን፣ አየር የሚያፍንባትን ማንሻ፣ ቶሎ መመለስ አለብህ። ከዘነጋህ ቤንዚን ከመጠን በላይ ትጠጣና እሳት የሚጭርላት ካንዴላዋ ይርሳል። ያኔ ካንዴላውን ፈትተህ፣ በሸሚዝህ ጫፍ ጠርገህ፣ ፀሐይ አሙቀህ እንደገና መለመን ነው። ደንበኛው በረንዳ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ጎረቤት «ባትሪዋ ሞቶ ይሆናል» ይላል። ባትሪ የላትም።

የምትጠጣውም ተራ ቤንዚን አይደለም። ሞተሯ የራሱ የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባላት። ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱ ሲያንስ ፒስተኗ ይቃጠላል። ሲበዛ ግቢው በጭስ ይሞላና እትዬ እገሌ «ዕጣን አጨሳችሁ እንዴ?» ብለው ይወጣሉ። ልኩን የምናገኘው በጡጦ ነው። በሚሊ ሊትር ምልክት ያለው፣ ከመርካቶ እስከ ቦሌ የትም የሚገኝ፣ ርካሽ መለኪያ ከጡጦ ሌላ አላገኘንም። የእኛው በፊት የማናጀሩ ልጅ ጡጦ ነበር። ልጁ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል። ጡጦው ግን ገና አልተጣለም።

ትልቁ ጣጣ ቤንዚኑን ማግኘት ነው። ማደያዎች በጀሪካን አይቀዱም፤ ምክንያቱም ይገባኛል፣ በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ ሲቸረቸር አይተናል። ስለዚህ አንድ ቀን ማናጀራችን ብልሃት መጣለት። ሙሽሪትን ራሷን ይዟት ሄደ። ሰልፍ ተሰለፈ። ከፊቱ ታክሲ፣ ከኋላው ባጃጅ፣ መሐል ላይ መጋዝ ያቀፈ ሰው። ተራው ደረሰና ቀጂው ስልኩን አውጥቶ፣ ቀና ሳይል፣ «ታርጋ?» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅን በስልክ መክፈል ግዴታ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ማናጀራችን ለዚህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሒሳቡን ሞልቶ ነበር የሄደው። ለታርጋ ግን አልተዘጋጀም።

«እሷ ታርጋ የላትም» አለ።

ቀጂው ቀና አለ። ሙሽሪትን አየ። ማናጀሩን አየ። «ባለ ታርጋዋን ይዘህ ና» አለው፤ ቀጥሎም ለባጃጁ በእጁ ምልክት ሰጠ።

እውነት ለመናገር መጋዝ ይዞ መሄድ ክብርም አለው። መኪና ስለሌለን ቀላል ሥራ ሲሆን ሙሽሪትን በታክሲ ነው የምናመላልሳት። ሰንሰለቷን በሽፋኗ ከትቼ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ። ከስድስት ኪሎ ፒያሳ አንድ ሰው አጠገቤ ሳይቀመጥ ደርሻለሁ፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አራት ሰው በሚሳፈርበት ሰዓት። ረዳቱ መልሴን ሳልጠይቀው፣ ሳንቲሙን ሳያጎድል፣ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። «ዝርዝር የለም» የሚለውን ቃል የዚያን ቀን ብቻ ሳልሰማ ዋልኩ።

የከተማ ዛፍ ግን መጋዝ አይፈራም። የአዲስ አበባ ዛፍ ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ብረት ነው። የልብስ ማስጫ ሚስማር፣ የአጥር ሽቦ፣ «ቤት ይከራያል» የተለጠፈበት የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የአምፖል ማንጠልጠያ። ዛፉ በየዓመቱ እየወፈረ ሁሉንም ይውጠዋል። ከውጭ ስታየው ልስልስ ያለ ግንድ ነው። መጋዙ ሦስት ጣት ያህል ሲገባ ግን ብልጭ ይላል፣ ሙሽሪትም ድምጿን ትለውጣለች። አንድ ጊዜ ከግራር ውስጥ ሙሉ የበር ማጠፊያ አግኝተናል። በሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም።

ሚስማር የነካ ሰንሰለት ያኔውኑ ይዶለዱማል። ስለታም ሰንሰለት እንጨቱን ፍርፋሪ አድርጎ ይተፋዋል፤ የዶለዶመ ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄት ያየህ ዕለት ቁጭ ብለህ መሞረድ ነው። ይህ የመልህቅ ሥራ ነው። ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ሙሽሪትን በጉልበቱ መሐል ያደርጋታል፣ እንደ እርሳስ የቀጠነውን ክብ ሞረድ ያወጣል። እያንዳንዱን ጥርስ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ፊት ብቻ። ወደ ኋላ አይጎትትም። በአንድ ወገን ያሉትን ጨርሶ ያዞራትና ሌላውን ወገን ይጀምራል። ያ ሁሉ አካል ጎንበስ ብሎ ጥርስ በጥርስ ሲሄድ የልጁን ፀጉር የሚሠራ አባት ይመስላል። በዚህ ሰዓት አናናግረውም። ከተናገረ የቱ ጋ እንደደረሰ ይጠፋውና ከአንድ ይጀምራል።

ሰንሰለት ተስሎ፣ ጉሬዛው ቀበቶውን ታጥቆ (ቀበቶው ምናለሽ ተራ የተገዛ ነው፤ በፊት የመብራት ሠራተኛ ወገብ ላይ ነበር) ወደ ላይ ሲጀምር፣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ዛፍ ሲቆረጥ የማያይ የሀገሬ ሰው አልተወለደም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ መሐንዲስ ይኖረናል። «ወደዚህ ነው የምትወድቀው!» «ኧረ ወደዚያ ናት!» «በግራ ያዛት!» ይላሉ፤ የማን ግራ እንደሆነ ግን አይነግሩንም። አንዱ ስልኩን ወደ ላይ ደግኖ ለቲክቶክ ይቀርጻል፤ ምን እንደሚጠብቅ እናውቃለን። እግዜር ይስጠው፣ እስካሁን አሳፍረነዋል።

ከመሐላቸው አንድ ቆፍጠን ያለ ሰውም አይጠፋም። «አገር ዛፍ ትከሉ እየተባለ እናንተ ትቆርጣላችሁ?» ይለናል። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው፤ መልስም አለኝ። የደረቀ ቅርንጫፍ ሲነሳ ዛፉ ይጠቀማል ልለው እጀምራለሁ። እስክጨርስ ግን ቅርንጫፏ መሬት ትነካለች። ጫፏን ይዞ ወደ ቤቱ መጎተት የሚጀምረው መጀመሪያ እሱ ነው።

ችግኝን ካነሳን አይቀር፣ በየክረምቱ እንደ ሰው ሁሉ እኔም እተክላለሁ። ሐምሌ ላይ ጃካራንዳ ይዞ የመብራት ሽቦ ሥር የሚቆፍር ሰው ሳይ ግን አንድ ነገር ይቃጣኛል። ስልክ ቁጥሬን ልሰጠው። ከአሥር ዓመት በኋላ መደወሉ አይቀርም፤ የሚለውንም ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ እኛ አንነካም። መብራት በሥርዓት እስኪቋረጥልን እንጠብቃለን። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት በራሷ ጊዜ ጠፋችና ማናጀሩ «በሉ ቶሎ እንጠቀምባት» አለ። ጉሬዛው ከተቀመጠበት አልተነሳም። «መቼ እንደምትመጣ ነግራህ ነው የሄደችው?» አለው። ከዚያ ወዲህ ይህን ሐሳብ ያነሳ የለም። የተረፈን ስም ብቻ ነው፤ ግንፍሌ አካባቢ መብራት በጠፋ ቁጥር ለእኛ የሚደውሉ አሉ። እሑድ ማታ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ «ምን ነካችሁ ደግሞ?» ተብዬ አውቃለሁ።

ወደ ቀበናው ጽድ ልመለስ፤ እንጨት የማን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው። ሰውየውን 8,000 ብር አልነው። «ለአንዲት ቅርንጫፍ?» አለ። ከዚያ የተለመደችዋ መጣች። «እንጨቱን እናንተ ውሰዱት፤ 3,000 እሰጣችኋለሁ።» እንጨት ገንዘብ ነው፤ ተስማማን። ሙሉ ቀን ለፋን። ግንዱን በስንዝር እየለካን ቆራረጥን፣ ደረደርን። መጫኛ መኪና ልጠራ ስልክ ሳወጣ የግቢው ዘበኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታው ለፋሲካ ለኔ ብለውኛል» አለ።

ገና ሳልመልስለት የጎረቤት እትዬ በአጥር ብቅ አሉ። ዛፏ ለሃያ ዓመት ጥላዋን የጣለችው በእሳቸው ጎመን ላይ ነው። ቅጠሏ የደፈነው የእሳቸውን አሸንዳ ነው። «የጎመኔ ካሣ የት አለ?» አሉ። በነገሩ ልክ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ደግሞ ከወጥ ቤት ወጥታ ለልጇ ሰርግ ድግስ የሚሆን እንጨት ከዚህ እንደሚወጣ ለደጋሾቹ ነግራ መጨረሷን አስታወቀች። ከሁሉም በኋላ የእድር ዳኛው ደረሱ። እሳቸው አልተከራከሩም። ግንዱ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን አቁመው፣ «መቼም ለቅሶ አይቀርም» አሉ። ለዚህ መልስ የለውም። እኛም ሁላችንም የእድር አባሎች ነን።

የቀረልን የመጋዝ ፍርፋሪው ነበር። እሱንም አንድ ልጅ ማዳበሪያ ይዞ መጣ፤ ለዶሮ ጉዝጓዝ። ሰጠነው። «ተባረኩ» አለን፤ ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን ነው።

አልፈርድባቸውም። ይቺ ከተማ ድሮም ከእንጨት ጋር የቆየ ጉዳይ አላት። ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀና፣ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን እዚሁ ያስቀራት በ1880ዎቹ ከወደ አውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቆረጡት፤ ከጉቶው በአንድ ፋንታ አራት ሆኖ ወጣ። ደግመው ቆረጡት፤ ደግሞ ወጣ። ከተማችንን ያቆማት፣ ቢቆርጡት የማይቀየም ዛፍ ነው። መጥፎ ጠባይ ያስለመደንም እሱ ይመስለኛል። ዛፍ ሁሉ እንደሱ ይመስለናል። ጽድን ከግንዱ ቆርጠህ ጉቶው ያቆጠቁጣል ብለህ ብትጠብቅ እድሩ ይቀድምሃል።

«ከወገቧ በላይ ጭርስ አድርጉልኝ» የሚለን ሰው የበዛውም ለዚህ ነው። ጫፉ የተጎመደ ዛፍ ደንግጦ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል። እነሱም ከግንዱ ጋር የተያያዙት በስሱ ስለሆነ ሲከብዱ ይገነጠላሉ። አንድ ረጅም ዛፍ የነበረው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ አሥራ አምስት የሚያሰጉ ቅርንጫፎች ይኖሩታል። ለእኛ ገበያ ነው፤ ግን እንነግራቸዋለን። አይሰሙንም።

በሥርዓቱ ሲቆረጥ እንዲህ ነው። ጉሬዛው መጀመሪያ ከግንዱ ስንዝር ተኩል ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ይገዘግዛል፤ ሲሶውን ያህል ብቻ። ቀጥሎ ትንሽ ወደ ጫፉ አልፎ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣል። ቅርንጫፏ ቀጭ ብላ ትለያለች፤ የግንዱን ልጥ ገፍፋ አትወርድም። የቀረችውን ጉቶ በሦስተኛው ያነሳታል፤ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ ሳይሆን፣ አንገቷ አበጥ ካለበት ላይ። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጣቸውን ሲመረምር ያስተዋለው ይህን ነው። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል አይድንም። ዛፉ ዙሪያውን ያጥርና ይዘጋበታል፤ ቁስሉ እዚያው ውስጥ ይቀራል። አጥር የሚሠራው በዚያች አንገት ላይ ነው። ቀለም መቀባት አይጠቅመውም። ቁስሉን አጥሮ፣ ሳይናገር፣ ቀጥ ብሎ መኖር። እንዲህ ያሉ ዘመዶች አሉኝ።

አሁን ወደ ግንፍሌው ግቢ። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንዲት ግራቪሊያ። የጠሩን ጡረተኛው ጋሼ ናቸው። ዛፏን ሳያት ደነገጥኩ። በምዕራብ በኩል መላጣ ናት፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቅርንጫፍ የላትም።

«ጋሼ፣ ይሄን ምን ነካው?»

«ለናይልሳት ነው» አሉኝ።

ዲሻቸው ድሮ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያየው። ዛፏ ስትከልለው ያን ወገን አስመለጡት። ከዚያ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ላይ ወጡና ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞረ። አሁን የቀረው የምሥራቁ ወገን ነው የሚከልላቸው።

«ጋሼ፣ ዲሹን ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብናደርገውስ? ነፃ እናደርግልዎታለን።»

እንደሰደብኳቸው አዩኝ። «ዲሹማ በባለሙያ የተስተካከለ ነው!» አሉ። «ሚሊ ሜትር ብትነካው ይጠፋል። ዛፉ ነው መጥፎ ቦታ ያለው።» ዛፏ የተተከለችው እሳቸው ወደ ግቢው ሳይገቡ ነው። ነገሩን አጣርቼ ስሄድ ግን ጋሼ ብቻ አይደሉም። በደቡብ በኩል ልብስ ይሰጣል። በሰሜን በኩል የልጆች ዥዋዥዌ አለ። ዛፏን አምስት ቤተሰብ በወገን በወገን ተከፋፍሏታል። እኔ ግን የጨነቀኝ በምሥራቅ ያለች አንዲት ወፍራም ቅርንጫፍ ናት። ደርቃለች። ቅርፊቷ ተላጥቷል። ግራቪሊያ ደግሞ ንፋስ ሲነካው ስብር ማለት ይወዳል። በእውነት መቆረጥ ያለባት እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ የእማማ ናት።

እማማ የግቢው ታላቅ ናቸው። ቅርንጫፏ ላይ የብረት መንጠቆ አለ። የፋሲካ፣ የገና፣ የእንቁጣጣሽ በግ የሚገፈፈው እዚያ ላይ ተሰቅሎ ነው።

«እማማ፣ ደርቃለች። ትወድቃለች።»

«ደርቃ ነው በግ የምትሸከመው?»

«በጉ እኮ በዓመት ሦስት ቀን ነው።»

«አንተስ በዓመት ስንት ቀን ነው በግ የምትበላው?»

ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ነው፤ አንዱም በሰው ቤት።

ሽምግልናው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቡና ስንት ጊዜ እንደተፈላ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ተስማማን። የደረቀችው ትወርዳለች፤ ለእማማ በዚያው ከፍታ ላይ ደህና ቅርንጫፍ ተመርጦ አዲስ መንጠቆ ይታሰራል፤ የጋሼን ዲሽ ጉዳይ እግዜር ይወቀው። የቀረው ፈቃድ ብቻ ነበር። ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሚያዝያ ላይ ማመልከቻ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ።

«የዛፉ ባለቤት ማን ነው?»

«አምስት ቤተሰብ ነው።»

«አምስቱም ይፈርሙ።» ፈረሙ። «ዛፉ በይዞታው ማረጋገጫ ላይ አለ?» የለም፤ ዛፍ ማን ይመዘግባል። «እንዲህ ከሆነ ባለሙያ መጥቶ ያያል።» ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው። ባለሙያው መስክ ናቸው። ባለሙያው ችግኝ ተከላ ላይ ናቸው። ግንቦት አለፈ። ሰኔ አለፈ። እማማ ቅርንጫፏን ባዩ ቁጥር «አላልኳችሁም፣ ጠንካራ ናት» ይሉ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ከባድ ንፋስ ተነሳ። ቅርንጫፏ ሰው አልነካችም። ቧንቧውንም አልነካችም። ቀጥ ብላ የወረደችው የጋሼ ዲሽ ላይ ነው። ዲሹ እንደ እንጀራ ምጣድ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ቀጥታ ወደ ሰማይ እያየ ተገኘ።

በሳምንቱ ደብዳቤው ወጣ። ማህተሙ ደማቅ፣ ፊርማው ረጅም። «በተጠቀሰው ዛፍ ላይ ያለችው አንዲት የደረቀች ቅርንጫፍ ባለችበት ሁኔታ እንድትቆረጥ ተፈቅዷል» ይላል። ደብዳቤውን የሰጡኝን የቢሮ ሰው ደስ ብሎኝ «ወድቃለች» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«የወደቀ ከሆነማ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉኝ። «ይሄ የመቁረጫ ነው። ለወደቀ ማንሻ ሌላ ማመልከቻ ትጽፋላችሁ። እስከዚያ ከግቢ እንዳትወጣ። ካለችበትም እንዳትነቃነቅ። ባለሙያ መጥቶ ያያል።»

ይህን ይዤ ተመለስኩ። አምስቱም ቤተሰብ ግቢው መሐል በተጋደመችው ቅርንጫፍ ዙሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ልብስ ይሰጣባታል፤ ልጆች ፈረስ አድርገዋታል። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። እማማ እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መንጠቆውን ዳበስ አደረጉት። አልተጣመመም።

«ደብዳቤው ይቆረጥ የሚለው እላይ እንዳለች ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ስድስት።»

ቀና ብለው ግንዱን አዩት፤ ከዚያ እኔን። «ታዲያ መልሳችሁ ስቀሏታ! በጉ ይገፈፍባትና፣ በማግሥቱ በሕጉ ትቆርጧታላችሁ።»

ልስቅ ነበር፤ ግን ሌላ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ጋሼም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አቅም ያጣ ነጋዴ የሚለውን ነገር አልኩ።

«እማማ፣ ማውጣቱ ከማውረዱ ይወደዳል።»

«ኧረ በማርያም!» አሉ። «አንዲት ቅርንጫፍ ናት እኮ!»

እንዲያግዘኝ ዞር ብዬ ጉሬዛውን ፈለግሁት። ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ግንዱ ሥር ቆሟል፤ የት ጋ ቢያስራት እንደሚሻል እያየ።